ሰማንያ

ነገሩ የተጀመረው በስልክ ነው። ባሕር ዳር የምትኖረው ልጅ ደቡብ ጎንደር፣ እብናት ላሉት እናቷ ደውላ፣ «እምዬ፣ ዘንድሮ ሰማንያሽን ልናከብር ተስማምተናል» አለች። ከወዲያ ዝም። ኔትወርክ የሄደ መስሏት «ሄሎ፣ ሄሎ» ስትል ቆይታ መልሱ መጣ፤ «አባታችሁ ካረፈ አሥር ዓመት ሊሞላው ነው። ከማን ጋር ነው የምፈራረመው?»

አማርኛ ለዚህ ቃል ሦስት ማደሪያ ሰጥቶታል። ሰማንያ ቁጥር ነው። ሰማንያ የጋብቻ ውል ነው፤ ሰው በሰማንያ ይጋባል፣ ሲመረው ሰማንያውን ይቀድዳል። ሰማንያ ደግሞ ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሣበት ቀን ነው፤ ወንድ በአርባ፣ ሴት በሰማንያ። ልጅ ያሰበችው አንደኛውን፣ እናት የሰሙት ሁለተኛውን ነበር። ነገሩን መጨረሻ ላይ የፈታው ሦስተኛው ሆነ።

«ልደትሽን ማለቴ ነው» ብላ ብታርመውም የባሰ ግራ አጋባቻቸው። በእብናት ልደት ሲባል ገና ነው፤ ታኅሣሥ 29። ልደታ ከሆነች ደግሞ ግንቦት 1 ናት፣ ንፍሮ ተቀቅሎ ጎረቤት ደጅ ላይ የሚሰበሰብባት። ከእነዚህ ሌላ እማማ ሰምተው የሚያውቁት ልደት አንድ ነው፤ ሐምሌ 16፣ የጃንሆይ፣ በዘመኑ ብሔራዊ በዓል የነበረው። በሳቸው ሚዛን እንግዲህ ልደቱ የሚከበርለት ጌታ ነው፣ እመቤታችን ናት፣ ወይም ንጉሠ ነገሥት ነው። ጠላ ጠምቀው ልጅ ያሳደጉ ባልቴት እዚህ ወረፋ ውስጥ ምን ይሠራሉ?

ዕድሜ አይቆጠርም ማለት ግን አይደለም። ይቆጠራል፤ የሚቆጠረው በአገር ላይ በደረሰው ነገር ነው። የበኩር ልጃቸው የታኅሣሥ ግርግር ዓመት ነው፣ 53። ባሕር ዳር ያለችው አብዮት የፈነዳ ሰሞን። ሦስተኛዋ፣ አሁን አሜሪካ ያለችው፣ «ቻይና መንገዱን ሲቆርጥ»። ይሄ በደርግ ዘመን ቻይናውያን ከወረታ ተነሥተው በደብረ ታቦር አድርገው እስከ ወልድያ የዘረጉት መንገድ ነው። ሥራው ዓመታት ስለፈጀ የልጅቱም ዕድሜ እንደ መንገዱ ይጠማዘዛል። የመጨረሻው ልጅ ሰባ ሰባት ነው። እዚህ ላይ እማማ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። በ1977 ድርቅ እብናት ትልቅ የእርዳታ መጠለያ ነበረባት፤ በሚያዝያ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ከዚያ በግዳጅ ተበትኖ ወሬው ዓለምን ዞሯል። ያን ጊዜ ጡት ይጠባ የነበረው ልጅ ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ የሁለት ልጆች አባት ነው፤ ለሁለቱም በየዓመቱ ኬክ ያስቆርሳል።

የራሳቸውን ሲጠየቁ እማማ «ጣሊያን በወጣ በዓመቱ» ይላሉ። ቀላል ይመስላል። ጣሊያን ግን ከሁሉም አገር በአንድ ቀን አልወጣም። ጃንሆይ አዲስ አበባ የገቡት ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ነው። ደብረ ታቦር የነበረው የጣሊያን ጦር እጁን የሰጠው ሰኔ ማለቂያ ላይ ነው። ጎንደር የመሸገው ጄኔራል ናሲ ደግሞ እስከ ኅዳር 18 ቀን 1934 አልነቃነቅም አለ። በየትኛው መውጣት ነው የሚቆጠረው? የመጨረሻው ልጅ ስልኩ ላይ ደምሮ ቀንሶ፣ «ሰባ ዘጠኝ ወይም ሰማንያ» አለ። ኬክ ላይ ደግሞ «ወይም» ተብሎ አይጻፍም። ዓመቱን በድምፅ ብልጫ 1934 አደረጉት፤ ክብ ቁጥር የማይወድ የለም። የቀረው ቀኑ ነው። እማማ መታወቂያቸው ላይ መስከረም 1 ይላል፤ የቀበሌ ጸሐፊ ቀን ሲያጣ የሚጽፈው ያንኑ ነውና ከእብናት ነዋሪ ብዙው አዲስ ዓመትን ተከትሎ የተወለደ ነው የሚመስለው።

መላው የመጣው ከበኩሩ ነው። በኩሩ ጡረታ የወጣ የሒሳብ መምህር ነው፤ በልጅነቱ ዲቁና ተምሯል፣ ሁለቱንም ትምህርት እኩል ስለሚያምንባቸው ሲከራከር አንዱን ለአንዱ ምስክር ያደርጋል። «እምዬ፣ ክርስትና የተነሣሽው መቼ ነው?» አላቸው። ይሄኛው ጥያቄ አላስቸገራቸውም። «በጥቅምት መድኃኔዓለም ነዋ! ክርስትና እናቴ ዝክሯን ትታ ነው የመጣችልኝ።»

በኩሩ ወረቀት አወጣ። ጥቅምት መድኃኔዓለም 27 ነው። ሃያ ሰባት ከጥቅምት፣ ሠላሳ ከመስከረም፣ አምስት ከጳጉሜን፤ ስልሳ ሁለት። የቀረው አሥራ ስምንት ነሐሴ ላይ ወደ ኋላ ሲቆጠር 13 ላይ ቆመ። ደብረ ታቦር! ቡሄ!

ታናሽ ወንድሙ «ጋሼ፣ ይሄ ደግሞ ምን ዓይነት ማስረጃ ነው?» ቢለው፣ በኩሩ ተቆጣ። አርባና ሰማንያ ከኦሪት ዘሌዋውያን የመጣ ሥርዓት ነው፤ ቤተ ክርስቲያንም ከገና ተነሥታ አርባ ቀን ቆጥራ የካቲት 8 በዓለ ስምዖንን ታከብራለች፤ ለጌታ የሠራ አቆጣጠር ለእናታችን ያንሳታል ወይ አለ። እርግጥ ክርስትና አንዳንዴ ይገፋል፤ ወንዝ ይሞላል፣ ክርስትና እናት ትታመማለች። እማማ ግን «እናቴ ስታምጥ ችቦ ይጨስ ነበር ትለኝ ነበር» ሲሉ ክርክሩ ተዘጋ። ሰማንያ ዓመት ሙሉ ማስረጃው በእጃቸው ነበር፤ የጠየቃቸው አልነበረም እንጂ።

መንግሥትም ቢሆን ከዚህ ስሌት ብዙ አልራቀም። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760/2004 ልደት በ90 ቀን ውስጥ ይመዝገብ ይላል፤ ከሴቷ ክርስትና የሚበልጠው በአሥር ቀን ብቻ ነው። ያቺ አሥር ቀን ለድግሱ ዕቃ ማጠቢያ ሳትሆን አትቀርም።

ቀኑ እንደተገኘ ሌላ ጣጣ ተወለደ። ነሐሴ 13 የምትውለው ፍልሰታ ውስጥ ነው። ጾሙ የሚፈታው በ16። ባሕር ዳር ያለችው ልጅ ደግሞ ሳታማክር ዶሮውን በሐሳቧ አሥራ ሁለት ብልት አውጥታ፣ ፈረሰኛውን ለእናቷ መድባ ጨርሳ ነበር። የ2014ቱ ቡሄ ይባስ ብሎ አርብ ላይ ዋለ፤ ጾም በጾም ላይ። በሦስት ቀን እንግፋው ያለው የመጨረሻው ልጅ ነው። እማማ፣ «ቀኑን ፈልጋችሁ አግኝታችሁ ደግሞ ልትጥሉት ነው?» አሉት። ስለዚህ ድግሱ የጾም ይሆናል ተባለ፤ ሰዓቱም ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ።

ቤት ውስጥ ይደረግ ቢባል አርባ ጎረቤት አለ፤ ሦስቱን ጠርቶ ሠላሳ ሰባቱን መተው ደግሞ አይሆንም። ልጆቹ ደብረ ታቦር የሚገኝ የባህል ምግብ ቤት የመረጡት ለዚህ ነው። ቡሄን በበዓሉ ስም ከምትጠራው ከተማ የተሻለ የት ያከብሩታል? ከእብናት በአዲስ ዘመን ወርደው፣ ወረታ ላይ ታጥፈው፣ የሦስተኛዋን ልጅ የልደት ምስክር ወረቀት በሚኒባስ እየረገጡ ወጡ።

ስለ ቻይና ከተነሣ፣ ይህን መሰል ድግስ በዚያም አገር አለ። ቻይናውያን የሽማግሌ ልደት ሲሆን ዕድሜው እንዳይቆረጥ ብለው ረጅም ኑድል ሳይቆርጡ ይበላሉ፣ በኮክ ቅርጽ የተጋገረ ዳቦ ያቀርባሉ። በጥንቱ ልማዳቸው ልጅ ሲወለድ አንድ ዓመት ብለው ይጀምራሉ፤ ይህን የእማማ ልጆች ቢያውቁ ሰባ ዘጠኝና ሰማንያን ያለ ድምፅ ብልጫ ባስታረቁ ነበር። ወደ ደቡብ ጎንደር የመጣው ቻይና ግን አካፋ ይዞ ነበርና ስለ ኑድሉ የነገረን የለም።

ደብረ ታቦር ሲደርሱ ጅራፉ ይጮሃል። በ2013 ነሐሴ ላይ በጦርነቱ የከባድ መሣሪያ ድምፅ የሰማች ከተማ ናት፤ በዓመቱ ሰው ሁሉ ጅራፍ በጮኸ ቁጥር ዞር ብሎ አይቶ፣ ጅራፍ መሆኑን አረጋግጦ ፈገግ ይላል። እማማ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያንን ተሳልመው፣ የነጠላቸውን ጫፍ እንደ ቋጠሮ ይዘው ወደ ምግብ ቤቱ ገቡ።

በሩ ላይ «ከውጭ ምግብና መጠጥ ይዞ መግባት ክልክል ነው» ይላል። እማማ ፊደል አልቆጠሩም። ቢቆጥሩም በዚያ ቀን ባዶ እጃቸውን አይሄዱም ነበር።

ውስጥ ገብተው ሲቀመጡ ዙሪያውን አዩና ተደነቁ። ግድግዳው ላይ ወንፊት ተሰቅሏል። ጥግ ላይ እንስራ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። ከጣሪያው የወረደ አገልግል ውስጥ አምፖል ይበራል። «የሚሠራባቸው ሰው ሞቶ ነው?» አሉ ቀስ ብለው፤ የሟች ዕቃ መስሏቸው። ልጃቸው ይሄ ለጌጥ ነው፣ ባህል ነው አለቻቸው። እማማ አገልግሉን ደጋግመው እያዩ፣ የእሳቸው ሐሙስ ለት ዝክር ሄዶ እንዳልተመለሰ ትዝ አላቸውና ዝም አሉ። ወንበሩም ባህላዊ ነው፤ ሦስት እግር ያለው፣ ከመሬት አንድ ክንድ የማይሞላ በርጩማ። ሰማንያ ዓመት የሠራ ጉልበት ግን እዚያ ድረስ ወርዶ ለመመለሱ ማን ዋስ ይሆናል? እማማ እብናት ቤታቸው ውስጥ የሚቀመጡት ሰማያዊ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ነው። አስተናጋጁ ከጓዳ የራሱን የፕላስቲክ ወንበር አምጥቶ አስቀመጣቸው፤ ከዚያ በኋላ በባህሉ ምግብ ቤት ውስጥ ከሁሉ በላይ ከፍ ብለው የታዩት እሳቸው ሆኑ።

ማዘዝ ተጀመረ። በየዓይነቱ፣ ተጋቢኖ፣ የአገሩ ድንች በአልጫ። ባሕር ዳር ያለችው ልጅ «ለኔ ዓሣ» አለች። ጠረጴዛው ጸጥ አለ። ዓሣ ይጾማል አይጾምም የሚለው ክርክር ጣና ዳር ላለ ሰው የሃይማኖት ብቻ አይደለም፣ የሰፈርም ነው። በኩሩ ገና «ፍትሐ ነገሥት» ብሎ አፉን ሲከፍት አስተናጋጁ ጣልቃ ገባ። «የሽምብራ ዓሣ አለን» አለ። የሽምብራ ዱቄት ተቦክቶ፣ በዓሣ ቅርጽ ተቆርጦ፣ ተጠብሶ በቁሌት የሚቀርበው ማለቱ ነው። ዓይንና ጅራት አለው፣ አጥንት የለውም፣ ሕግ አያፈርስም። የጥንት ባለሙያዎች ይህን የፈለሰፉት ለእንደዚህ ዓይነት ቤተሰብ ነበር።

ከተበላ በኋላ ኬኩ መጣ። የጾም ኬክ ነው፣ ያለ ወተት፣ ያለ ቅቤ፣ ያለ እንቁላል፤ ላዩ ላይ «80» ተጽፎ አንዲት ሻማ ቆማበታለች። ሻማዋ ስትበራ እማማ ከፕላስቲክ ወንበራቸው ተነሥተው አማተቡ። የልጅ ልጆቹ «እማማ፣ እፍ በዪው! እፍ በዪው!» ይላሉ። «ምኑን?» «ሻማውን!» እማማ ልጆቹን እንደ አዲስ አዩአቸው። በጧፍ ያደጉ፣ ለታቦት ሻማ የተሳሉ ሴት በራሳቸው በዓል ላይ መብራት በአፋቸው ያጥፉ? በሁለት ጣታቸው ክሩን ቆንጠጥ አድርገው አጠፉና ሻማዋን ከክሬሙ ጠርገው ቋጠሯት። «ለመድኃኔዓለም» አሉ። ቢላዋውንም ለበኩሩ ሰጡት፤ ዳቦ ያለ ጸሎት አይቆረስም። በኩሩ አቡነ ዘበሰማያት ብሎ፣ ምርቃቱን አስከትሎ፣ የሰፈሩን ሙታን በስም እያነሣ ነፍስ ይማር ሲል ክሬሙ ከኬኩ ወደ ሳሕኑ፣ ከሳሕኑ ወደ መሶቡ ወረደ።

ልጆቹ የእንግሊዝኛውን የልደት መዝሙር ሊጀምሩ ትንፋሽ ሲስቡ በሩ ተከፈተና የቡሄ ጨፋሪዎች ገቡ። ዱላቸው የምግብ ቤቱን ወለል ሲመታው የተሰቀለው ወንፊት ተንቀጠቀጠ። አውራጁ ዓይኑን ጣለና ወንበሯ ከፍ ያለችዋን ሴት አገኘ፤ ውዳሴው ሁሉ ወደዚያው ዞረ። እዚህ ላይ ነው የነጠላው ቋጠሮ የተፈታው። ሙልሙል! ሌሊት የጋገሩት፣ በኮባ የተጠቀለለ፣ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ አንድ። ቡሄ የሚጨፍር ልጅ ዛሬ ዛሬ የሚጠብቀው ብር ነው፤ ሙልሙል በእጁ ሲገባ አውራጁ ራሱ ግጥሙ ጠፋበት። ካሸሯ ከመስኮቷ ሆና አስተናጋጁን በዓይኗ ወደ በሩ ማስታወቂያ ላከችው። አስተናጋጁ መጣ፣ ቆመ፣ እማማ «እንካ ልጄ፣ አንተም ልጅ ነህ» አሉት። ሙልሙሉን ከጀርባው ደብቆ ተመለሰ።

ቡናው አቦል ላይ ሳለ ከአሜሪካ በቪዲዮ ተደወለ። ሦስተኛዋ ልጅ ናት። በሱዳን አድርጋ የሄደች ስለሆነች ወረቀቷ ላይ የተወለደችው ጃንዋሪ 1 ነው፤ የልደት ቀኑን ለማያውቅ ስደተኛ የሚሰጠው ቀን ያው ነው። የሥራ ባልደረቦቿ በየዓመቱ የአዲስ ዓመትና የልደት ምኞት በአንድ ካርድ ይሰጧታል፤ እሷም ታመሰግናለች። የእናቷን ቀን አገኘን ሲሏት ዝም ብላ ቆየችና፣ «የኔስ?» አለች።

እማማ ሲኒያቸውን አስቀመጡ። «አንቺማ በግንቦት ልደታ ነው ክርስትና የተነሣሽው። ንፍሮው ከድግሱ ጋር አንድ ሆኖልኝ።»

በኩሩ ወረቀት ፈለገ፤ ከጎኑ ያገኘው አሁን የመጣውን ሒሳብ ነው። ገለበጠው። አንድ ከግንቦት፣ ሠላሳ ከሚያዝያ፣ ሠላሳ ከመጋቢት፣ የቀረው አሥራ ዘጠኝ። «የካቲት 12» አለ። አደባባይ ሐውልት የቆመለት የሰማዕታት ቀን! ስክሪኑ ላይ ያለችው ልጅ ትሳቅ ታልቅስ አልለየም፤ መስመሩ ተቆረጠና ፊቷ እንደደነገጠ ቆሞ ቀረ።

ሒሳቡ ሲነሣ እንደሚጠበቀው ጦርነት ሆነ። «በሞቴ!» «እኔ ልሙትልህ!» ሁለቱ ወንድማማቾች እጅ ለእጅ ተያያዙ። እማማ ይህን ሁሉ ያዩት በኀዘን ነው። ለእንግዳ ያቀረቡትን እህል በገንዘብ መተመን እስከ ዛሬ አልገባቸውም። ብቻቸውን አይደሉም፤ እቴጌ ጣይቱ አዲስ አበባ ላይ ሆቴላቸውን በከፈቱ ጊዜ ሰው ከፍሎ መብላትን ነውር ብሎ ሸሽቶ፣ አጤ ምኒልክ ራሳቸው መኳንንቱን አስከትለው ሄደው እየበሉ እየከፈሉ አስለመዱት ተብሎ ይተረካል። ያ ሁሉ ከመቶ ዓመት በፊት ነው። እብናት ገና አልደረሰም።

በዚህ መሐል አስተናጋጁ ሒሳቡን ሊወስድ መጣና ሳይወስድ ቆመ። ጢሙ ላይ የሙልሙል ፍርፋሪ አለ። «ጋሼ፣» አለ በኩሩን፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እኔም መታወቂያዬ ላይ መስከረም 1 ነው የሚለው። እናቴ ግን በኅዳር ሚካኤል ነው ክርስትና ያስነሣሁህ ትለኛለች።»

«ወንድ ነህ፤ አርባ» አለ በኩሩ፣ ብዕሩን ሳያስቀምጥ። አሥራ ሁለት ከኅዳር፣ ሃያ ስምንት ከጥቅምት። ከወጥ ቤት አንዲት ሴት እጇን በሽርጧ እየጠረገች ብቅ አለች፤ የእሷ በጥምቀት ማግሥት ነው። ከኋላዋ የመኪና ጠባቂው ተከተለ። ቡናው ቶና ደረሰ፣ የፕላስቲክ ወንበሩ ዙሪያ ሰው ሞላ፣ እማማም አሁን ገና ድግስ ያዩ ይመስል የቀረውን ሙልሙል መቁረስ ጀመሩ።

«ሒሳቡስ?» ብላ ካሸሯ ጮኸች። ሒሳቡ አስተናጋጁ ኪስ ውስጥ ነው፤ ጀርባው ላይ ጥቅምት 3 ተጽፎበታልና ሊሰጣት አልፈለገም።